ሁለተኛ ነህ ያልኩት ሰው

ጥቅምት 4

ሦስተኛው ቤት። ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ ማታው አሥራ ሁለት በርጩማ ላይ። በየሩብ ሰዓቱ ቀና ብዬ ማን ምን እየሠራ እንደሆነ አያለሁ፣ ቁጥሩን ቅጹ ላይ እሞላለሁ። ውሃ መቅዳት 7። ልብስ ማጠብ 11። ቁጭ ማለት 30። ዛሬ 30 በዝቶ ዋለ... የማን እንደሆነ አልናገርም።

አሥራ ሁለት ቤቶች አሉኝ፣ በዕጣ የወጡ። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ አያለሁ። ከዚያ ጥናቱን የሚመሩት ዶክተሯ መጥተው ውጤቱን ለነዋሪው በጉባኤ ያነባሉ። ከዚያ ኮንትራቴ ይታደሳል፣ ወይ አይታደስም። ሲሸኙኝ የሰጡኝ ምክር አጭር ነበር። «አትርዳ፣ አትምከር፣ አትፍረድ። በርጩማው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ አትሁን፤ በርጩማውን ሁን።»

ለዚህ ሥራ ሳልወለድ አልቀርም። እናቴ «ይሄ ልጅ ቤት ውስጥ አለ እንዴ?» ትል ነበር፣ አጠገቧ ተቀምጬ።

ከሰዓት በኋላ የቤቱ እመቤት ሕፃኑን ጭኔ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። የት ልጻፈው? እኔ ቅጹ ውስጥ የለሁም። ሕፃኑ ግን ያለሁ መስሎት ሸናብኝ።

ሰፈሩ ስም አውጥቶልኛል። ቆጣሪው።

ጥቅምት 9

የአናጺው ቤት። ሚስቱ የሰባት ወር ተኩል ነፍሰ ጡር ናት። አምና በስምንተኛው ወር ሞቶ ተወልዶባታል። አዋላጇ ነርስ «ከባድ ነገር ብትሸከሚ ዘንድሮም ይደገማል» ብላ አስጠንቅቃታለች። ይህን የነገረችኝ ሃያ ሊትር ጀሪካን ከጀርባዋ እያወረደች ነው።

ሰውየው ክፉ አይደለም። ደጃፉ ላይ የሰው በር ይልጋል፣ ያፏጫል። አልፎ አልፎ «ምነው፣ ውሃ የለም እንዴ?» ይላል ወደ ውስጥ... አየሩን እንደሚጠይቅ ሁሉ።

ሦስት ጊዜ ቦኖ ወረደች። ሦስቱንም ጊዜ ጀሪካኑ ጉልበቴን ነክቶኝ አለፈ። በሦስተኛው እጄ ተነሳ። እስክሪብቶ ይዞ ነበር። 7 ጻፈ።

የእሱ የቤት ሥራ ቀኑን ሙሉ አንድ። ከተሰጣ እህል ላይ ዶሮ አባረረ። ሳይነሳ፣ ጫማውን ወርውሮ። ጫማውን እሷ ሄዳ አመጣችለት።

ጥቅምት 10

ዶሮ ማባረር ቁጥር የለውም። ለዶክተሯ ደወልኩ።

«ተነስቷል?» አሉኝ።

«አልተነሳም።»

«‹ሌላ› ውስጥ ክተተው።»

ጥቅምት 15

የመጀመሪያው ዙር አለቀ። ወንዶቹን በቤት ሥራ ቅደም ተከተል ደረደርኳቸው። ማንም አላዘዘኝም። ለራሴ ነው... ለምን ግን?

አናጺው አሥራ ሁለተኛ ነው። ከአሥራ ሁለት። አሥራ አንደኛው እግሩ ተሰብሮ በጄሶ ተጠፍንጎ የተኛው ጎረቤቱ ነው። እሱ እንኳ ጋደም እንዳለ ባቄላ ፈልፍሏል።

ጥቅምት 16

ምን አደረግኩ?

የተከራየሁት ክፍል ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ለመውጣት በሰልፈኛው መሃል ማለፍ ግድ ነው። አናጺው መንገድ ዘጋብኝ።

«ቆጣሪው! እንዲያው በሞቴ፣ እኔ ስንተኛ ነኝ?»

«ምስጢር ነው።»

«የራሴ ነገር ለራሴ ምስጢር ይሆናል?»

ባለወፍጮው ሽማግሌ ሞተሩን አጠፋ። ለመስማት። ሰፈሩ ውስጥ እንደዚያ ዓይነት ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ሃያ ሰው ያየኛል። ታይቼ አላውቅማ... ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

«ሁለተኛ» አልኩት።

ከየት መጣ? ለምን ሁለተኛ? አምስተኛ ብል ምን ነበረበት?

«እሰይ የኔ አንበሳ!» አለ ባለወፍጮው። አናጺው ግን አልሳቀም። ትንሽ አየኝ። ከዚያ፣ «አንደኛው ማነው?»

«ምስጢር ነው» ብዬ ሮጥኩ።

ጥቅምት 17

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ተኩል። አናጺው ጀሪካን ተሸክሞ በመስኮቴ ሥር አለፈ። ቀስ ብሎ፣ እንዲታይ።

ጥቅምት 21

ሰፈሩ አብዷል። አንደኛው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁሉም አንደኛ ነኝ ይላል፤ ያለ ሁሉ ደግሞ ማሳየት አለበት። አንዱ ልብሱን ጓሮ ውስጥ ማጠቡን ትቶ ዋናው መንገድ ዳር አጥቧል። ቦኖው ላይ የተሰለፈው ሁሉ ወንድ ነው፤ በወረፋ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው። እግሩ የተሰበረው አልጋውን ወደ ደጅ አስወጥቶ፣ አይኔ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሽንኩርት ይልጣል። ያለቅሳል። በሽንኩርቱ ይሁን በእልሁ እንጃ።

ሴቶቹ አጥር ጥግ ተቀምጠው እጃቸውን የት እንደሚያኖሩት ጨንቋቸዋል። አንዷ ጠራችኝ። «ቆጣሪው፣ ነገ እኛ ጋ ዋልልን። የሚታጠብ ብርድ ልብስ አለ።»

«ተራው በዕጣ ነው እመቤቴ።»

«ዕጣውን ድገመዋ!»

ጥቅምት 25

ሁለተኛ ዙር፣ አናጺው ቤት። እሱ ቦኖ ወርዷል። እሷ ግድግዳ ተደግፋ፣ እግሯን ዘርግታ። የእግሯ እብጠት ጎድሏል።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ?»

በርጩማ አይመልስም። 

«አደራህን፣ አንደኛ ሆነሃል እንዳትለው። የኔን ሰውዬ አውቀዋለሁ። አንደኛ ካልከው ቁጭ ይላል። ሁለተኛ ይበቃዋል።»

ቅጹ ላይ አቀረቀርኩ።

«ሁለተኛውንስ ከየት አመጣኸው? ዶሮዋን አስበህለት ነው?»

ሳቀች። ሆዷን ይዛ ሳቀች። በየሩብ ሰዓቱ ነው የምጽፈው፤ ሳቁ በሁለት ሩብ መሃል ወደቀ። ሳይጻፍ ቀረ።

ኅዳር 6

ዶክተሯ ደወሉ።

«የላክኸውን ቁጥር አየሁት። ወንዶቹ ሴቶቹን በለጡ።»

«እ...»

«ሰላሳ ዓመት ቤት ለቤት ስዞር እንዲህ ያለ ነገር አልገጠመኝም። ወይ ትልቅ ግኝት ነው፣ ወይ አንተ አንድ ነገር አድርገሃል።»

«ዶክተር፣ ኔትወርኩ...»

«ጥርት ብሎ ይሰማኛል።»

ዘጋሁት። አሁን ደግሞ ስልክ ዘጊ ሆንኩ።

ኅዳር 12

እንዲህ ነው ነገሩ። ከተናገርኩ አናጺው የሰፈር መሳቂያ ይሆናል፣ ጀሪካኑን ይጥላል፣ ጀሪካኑ ወደ እሷ ጀርባ ይመለሳል። ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። ካልተናገርኩ በስሜ ውሸት ይታተማል፣ ሌላ ሰው ያነበዋል፣ እውነት ብሎ ይጠቅሰዋል። እስክትወልድ ልጠብቅ። ዶክተሯ የሚመጡት በወሩ መጨረሻ ነው። አዎ። ይደርሳል።

ኅዳር 17

አልደረሰም። ዶክተሯ የሚመጡት ከነገ ወዲያ ሆነ። «ጓጓሁ» ብለዋል።

ኅዳር 18

ጉባኤ ላይ ከሚሰማው ከኔ ይስማ ብዬ አናጺው ዘንድ ሄድኩ። ያለ ቅጽ። እጄ ባዶ ሲሆን ምን እንደሚደረግበት አላውቅም፤ ኪሴ ከተትኩት፣ አወጣሁት፣ መልሼ ከተትኩት።

«ዋሽቼሃለሁ» አልኩት።

መላጊያውን አላቆመም። «መቼ?»

«ወፍጮ ቤት። ሁለተኛ አልነበርክም።»

«እሺ።»

«አሥራ ሁለተኛ ነበርክ።»

አሁን ቆመ። «እግሩ የተሰበረውስ?»

«አሥራ አንደኛ።»

«ተኝቶ?!»

«ባቄላ ፈልፍሏል።»

ጣውላው ላይ የቀረውን ፍቅፋቂ በእጁ ጠረገ። ንጹሕ የሆነውንም ጠረገ።

«ሁለተኛ አለመሆኔንማ ያኔውኑ አውቄዋለሁ» አለ። «ሰው የገዛ ቤቱ ይጠፋዋል እንዴ? ጫማ የወረወርኩት እኔ፣ ቁጭ ብዬ ያስመጣሁት እኔ። ግን አንተ በሰው ፊት አልከው። ሃያ ሰው ሰማ። ታዲያ ምን ላድርግ? ሳይነቃብኝ ልድረስበት ብዬ ነዋ።»

 አንድ ወር ሙሉ እኔ ስደብቀው፣ እሱ ሊያሟላው...

«ነገ ስም ይነበባል?»

«አይነበብም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያለው ቁጥር ሁሉ የኔ ውሸት የወለደው ነው። ይህን መናገር አለብኝ።»

ወደ ቤቱ ውስጥ አየት አደረገ። ድምፁን ቀነሰ። «ቆጣሪው፣ እኔ ሰው ሲስቅብኝ እልኸኛ ነኝ። ከሳቁብኝ ‹ተውኩት› ብዬ ቁጭ እንዳልል... ራሴን አላምነውም። እሷ ደግሞ ሳምንት ነው የቀራት።»

«ስምህን ከኔ አፍ አይሰሙም» አልኩት። በዚህኛው አልዋሸሁም።

ኅዳር 19

ጉባኤው ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት። ዶክተሯ መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። «በዚህ መንደር ወንዶች በቀን በአማካይ አምስት ሰዓት ከሩብ...» ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ተነሳሁ። በርጩማው ወደቀ። ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«ከጥቅምት 16 ወዲህ ያለው ቁጥር አይሆንም» አልኩ። «አንድ ሰው ደረጃውን ጠይቆኝ ዋሸሁት። መጨረሻ የወጣውን ሰው ሁለተኛ ነህ አልኩት።»

ባለወፍጮው፣ «ማንን?»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ። ባለወፍጮው ደገመ፣ «ማነው እሱ? ቆይ፣ ወፍጮ ቤት አንተው ስትለው በጆሮዬ የሰማሁ መስሎኝ!»

ወይ ጉድ። ሃያ ሰው ሰምቶ የለ! ስሙን ሳልጠራ ጠርቼዋለሁ። አውቀው አልነበር? እንዴት ዘነጋሁት? አንድ ወር ሙሉ ሳሰላ ከርሜ...

አናጺው ከኋላ ተነሳ። «እኔ ነኝ። ከአሥራ ሁለት አሥራ ሁለተኛ። ምን ታፈጣላችሁ?»

ሳቅ ፈነዳ። ሳቁ መሃል ግን አንድ ሌላ ድምፅ ነበር... የእፎይታ። እግሩ የተሰበረው አልጋው ላይ ቀና ብሎ፣ «መጨረሻው አንተ ነህ? እኔ እኮ እኔ መስሎኝ ነው የሽንኩርት መዓት የላጥኩት!» አለ። «እኔም» አለ አንዱ። «እኔም።» ለካ እያንዳንዱ ወንድ መጨረሻው እኔ ነኝ ብሎ ሲሰጋ ነው የከረመው።

ሳቁ ሲበርድ አናጺው ቦታው ላይ የለም።  አኩርፎ ሄደ... በኔ ምክንያት...

ባለወፍጮው በአገጩ ወደ መንገዱ አመለከተኝ። ጀሪካን ይዞ ቁልቁል ወደ ቦኖው ይወርዳል። አንገቱ ቀልቷል። አላፏጨም። ግን ይወርዳል።

ዶክተሯ መኪናቸው ውስጥ አስገቡኝ። «በርጩማ ሁን አልኩህ እንጂ ምላስ አብቅል አልኩህ?»

«አላሉኝም።»

«ሁለተኛውና ሦስተኛው ዙር ተሰርዟል። ሌላ መንደር፣ ከዜሮ። አንተ ስትቆጥር አንተን የሚቆጥር ሰው ይመደብብሃል።» መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «ስህተቱን ግን ሳታስቀር ጻፈው። በሙሉ ምዕራፍ።» ሲስቁ እንዳላያቸው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ኅዳር 21

ሦስት ወንዶች ሥራውን ትተዋል። የመንገድ ዳሩ አጣቢ ጓሮ እንኳ አልታየም። ዘጠኙ እንደቀጠሉ ናቸው። ለምን እንደቀጠሉ አልጠየቅኩም፤ አሁን እሱ የኔ ሥራ አይደለም።

ኅዳር 27

ትናንት ወለደች። ሴት ልጅ። ሁለቱም ደህና ናቸው።

ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ለመሰናበት ገባሁ። አናጺው ዳይፐር የሚሆን ጨርቅ እያሰጣ ነው፣ በአንድ ትከሻው ላይ ሦስት ደርቦ።

«መሄድህ ነው?»

«መሄዴ ነው።»

«እስቲ ሳትሄድ... በመጨረሻው ዙር ስንተኛ ወጣሁ? ሴትዮዋ የሰረዙትም ቢሆን።»

ምስጢር ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። ደብተሩን ከሻንጣው አወጣሁ፣ ቆሜ ደመርኩ፣ ደግሜ ደመርኩ። አይኑን አየሁት።

«አራተኛ።»

«አራተኛ?!» ጨርቁ ከትከሻው ወደቀ። «ይሄ ሁሉ ውሃ ተቀድቶ አራተኛ? ሦስቱ እነማን ናቸው?»

«እሱን አልነግርህም።»

ከውስጥ የሚስቱ ሳቅ ተሰማ፣ ደክሞ፣ ሕፃኗን እንዳይቀሰቅስ ታፍኖ። «ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ሌላ አትንገረው!»

እያጉረመረመ ጀሪካኑን አነሳ። ሌላ አንድ ባዶ ጀሪካን በሩ ጥግ ቆሟል። አየሁት። ማንም አላዘዘኝም። ሻንጣዬን አስቀምጬ አነሳሁት።

ሲመለሱ መንገዱ ዳገት ነው። ሁለቴ አረፍኩ። በሦስተኛው ተቀመጥኩ። አናጺው የሞላ ጀሪካኑን ሳያወርድ ቆሞ ጠበቀኝ፣ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«አንተማ» አለኝ፣ «አሥራ ሦስተኛ ነህ።»