የታረመው ቃሌ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

የኔ ልጅ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? ባለፈው በስልክ ድምፅሽ ታፍኖ ነበር፤ «ደህና ነኝ» ስትይ አላመንኩሽም። እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ። የስፌት መኪናዬም እንደኔው እያጉረመረመች ትሠራለች። አሁን የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ሞክሬ፣ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት።

ከወር በፊት ከፖሊስ ጣቢያ ተደወለልኝ። የእህትሽን የሚጣን መዝገብ አዲስ መርማሪ ይዛዋለች፤ ካንቺ የምታንስ ትመስለኛለች። «እማማ፣ ወላጆቿን የምትፈልግ አንዲት ሴት መጥታለች። ዕድሜዋም፣ የጠፋችበት ጊዜም ይገጥማል» አለችኝ። ሄድኩ። አፌን በጥጥ ጠርገው ምራቄን ለምርመራ ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ስንት ሸሚዝ አጣምሜ እንደቆረጥኩ አትጠይቂኝ። የአራት ዓመቷን እህትሽን የሃያ ሰባት ዓመት ሴት አድርጌ፣ ትከሻዋን፣ ወገቧን በሐሳቤ ስለካ ሰነበትኩ። ላንቺ ያልነገርኩሽ፣ በየቅዳሜው ፎቶዋን በየምሰሶው ስትለጥፊ ስላደግሽ ነው። አንድ ከንቱ ተስፋ እንኳ ልቀንስልሽ ብዬ ነው።

ባለፈው ሐሙስ መርማሪዋ ጠራችኝ። ገና ፊቷን ሳየው ገባኝ። «አይደለችም፣ እማማ።» ሴትዮዋም ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ቁጭ አልኩና እጇን ያዝኩ። «ይቅርታ» አለችኝ። እሷ ምን አጥፍታ ነው?

ልወጣ ስል መርማሪዋ፣ «መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥን ነው። ያኔ የሰጡትን ቃል ላንብብልዎት፤ የሚጨመር ካለ ይንገሩኝ» አለችኝ። አነበበችው፦ «ሱቄ ውስጥ ልብስ እየሰፋሁ ነበር። በር ላይ የምትጫወተውን ትንሿን ልጄን እንድትጠብቃት ለአሥር ዓመት እህቷ አደራ ብያት ነበር። እህቷ ትታት ዞር ስትል ጠፋች።»

ለጎረቤትም፣ ለዘመድም፣ ነፍሱን ይማረውና ለአባትሽም ሃያ ሦስት ዓመት ስናገረው የኖርኩት ይኸው ነው። ሌላ ሰው ሲያነብልኝ ግን የማላውቃት ሴት ቃል መሰለኝ።

«ይታረምልኝ» አልኳት።

«የቱ?»

«ትታት አልሄደችም። እኔ ነኝ የጠራኋት።»

መርማሪዋ ብዕሯን አነሳች። ሁሉንም ነገርኳት። ያን ዕለት ለሆቴል የታዘዝኩትን መጋረጃ እየቆረጥኩ ነበር። ስድስት ሜትር ጨርቅ ብቻዬን አልያዝ ብሎኝ «ነይ ጫፉን ያዥልኝ» አልኩሽ። «ሚጣስ?» አልሽኝ። «የት ትሄዳለች? ያዥ ብያለሁ» ብዬ ተቆጣሁሽ። አንዱን ቆርጠን እንደጨረስን ሁለተኛውን ዘረጋሁት። አንገትሽን ወደ በሩ አስግገሽ «ልያት» ስትይኝ፣ «ጨርቁን አታጣምሚብኝ» አልኩሽ። ስንወጣ ደጃፉ ባዶ ነበር። ፖሊሱ ቃሌን ሲቀበል አጠገቤ ቆመሽ እንደነበርም ነገርኳት። ቀና ብለሽ አየሽኝ፤ ከዚያ መሬት መሬት እያየሽ ዝም አልሽ። እስከ ዛሬም ዝም እንዳልሽ ነው።

መርማሪዋ ጽፋ ስትጨርስ ረጋ ብላ፣ «እማማ፣ ይሄ ለፍለጋው ብዙም የሚለውጠው ነገር የለም» አለችኝ።

«ለፍለጋው ብዬ አይደለም» አልኳትና ፈረምኩ።

ግልባጩን ጠይቄ ወስጄአለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አድርጌልሻለሁ። ማኅተም አለው። ለባልሽ አሳዪው። ልጆችሽም ሲያድጉ ያንብቡት። እዚህ ያሉትን ደግሞ እኔ ራሴ በየቤታቸው እየዞርኩ እየነገርኳቸው ነው። አክስትሽ አልቅሳ አባረረችኝ፤ በማግስቱ ራሷ መጣች።

ይቅር በይኝ ለማለት ስንት ወረቀት ቀደድኩ መሰለሽ። እንዴት እንደሚባል አላውቅበትም። ሃያ ሦስት ዓመት ያለ ጥፋትሽ አሸክሜሽ፣ በአንድ መስመር ውረድ ብለው አይወርድም።

ሌላ ወሬ እንኳ የለኝም። የአንቺንና የሚጣን ክፍል ቀለም አስቀባሁት። ለሌላ አይደለም፤ ግድግዳው እርጥበት ይዞት ነው። ለልጆችሽ ሁለት አልጋ ይይዛል።

እግዚአብሔር በሄድሽበት ይከተልሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ከዓይንሽ አይለይብሽ።

እናትሽ