ወንድሜ ለግንባሩ መጣ

የካርቲክ ወር 13
ግቢውን በእበት ለቀለቅሁ። ሩክማን ከነጋ ከስፌት መኪናው አልተነሳም። ለቲሃር በዓል መንደሩ ሁሉ አዲስ ልብስ ይፈልጋል። ባሌ የሰፋውን ይለብሱታል… የነካውን ውሃ ግን ይደፉታል። የልብስ ሰፊ ዘር ነዋ፤ እንደ ርኩስ ይቆጠራል።

ካርቲክ 15
የበዓሉ የውሻ ቀን፤ ውሻ የሚከበርበት። ልጄ ሱስሚታ ለውሻችን የአበባ ጉንጉን አሰረችለት፤ ግንባሩንም ቀባችው።
"እማዬ፣ እኛን የሚያከብሩንስ መቼ ነው?"


ካርቲክ 16
የወንድሜ ሚስት ደወለች። ሩክማንን ካገባሁ ወዲህ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም።
"ሎክናት ወንድምሽ ታሟል። ኮከብ ቆጣሪው፣ በበዓሉ የወንድም ቀን የእናቱ ልጅ ግንባሩን የቲካ ቀለም ካልቀባችው ዓመቱን አይዘልቅም አለው። ያለችው እኅቱ አንቺ ብቻ ነሽ።"
ያገባሁ ጊዜ ከዘራችን በታች ወረደች ብሎ፣ ፀጉሩን ተላጭቶ እርሜን አውጥቷል። አሁን ሟቿ ተፈለገች…
ሩክማን "ወንድምሽ ነው፤ ይምጣ" አለ። ወደ ስፌቱ ተመለሰ።
ሳለቅስ ዋልኩ። ደስታ ይሆን? እንጃ።

ካርቲክ 18
የወንድም ቀን። ሎክናት መጣ። አጥንቱ ቀርቷል። ቤት አልገባም። "እዚሁ ግቢው ይሁን" አለ። ሞት እንዳያልፍ ዙሪያውን ዘይት አፈሰስኩለት፤ አበባውን አንገቱ ላይ አጠለቅሁ። የጠበስኩትን የበዓል ዳቦ ሳቀርብለት ከቦርሳው የራሱን ቂጣ አወጣ።
"ሆዴ አይችልም… እንዳትቀየሚኝ።"
የቲካውን ሳህን መሬት አስቀመጥኩት።
"ወንድም ጋሼ፣ እጄ ለግንባርህ ከሆነ ለአፍህም ነው።"
"ቢንዱ፣ በእናታችን! ሰው ያየናል!"
"እንግዲያው ሂድ።"
ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ የጠበስኩትን ጎረሰ። ዋጠ። ሰባቱን ቀለም አንድ በአንድ ቀባሁት፤ ዕድሜ ለመንኩለት። ከልቤ ነበር። ሩክማንን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።
ሱስሚታ አጎቷን ልትሸኝ ተከትላው ወረደች። ስትመለስ፣
"እማዬ፣ ቧንቧው ጋ ጣቱን ጉሮሮው ከቶ አስታወከ። በጣም ታሟል እንዴ?"
"ቲካውንስ?"
"በእጁ ከልሎት ነው አፉን የታጠበው።"
ቲካዬን ይዞ የእጄን ምግብ ተፋው።

የመንግሲር ወር 9
የወንድሜ ሚስት ደወለች። ተሽሎታል። ቲካው ነው አሉ።
"ለሚመጣው ዓመትም አደራ…"
"ከሩክማን ጋር ባንድ ገበታ ይቀመጥ። አለዚያ እኅት የለውም።"
የሎክናት ሳል ከኋላዋ ይሰማኛል፤ አጠገቧ ሆኖ እያዳመጠ ነበር። ይናገር ይሆን ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ…
ዘጋሁት።