አባቴ አፉን ያልከደነበት ፎቶ

አንተ የቤት ጓደኛ ተብዬ፣

ወደ ሥራ ወጥቻለሁ። የትልቁ ካሜራዬ ባትሪ ቻርጅ ላይ ነው፤ አረንጓዴ ሲያበራ ንቀልልኝ። ሌንሱን ግን እንዳትነካ። እንደ ኪስ ካሜራህ በሸሚዝ ጫፍ የሚወለወል መጫወቻ አይደለም።

ትናንት በእህቴ ሠርግ ላይ በእንግዳ ፊት "ይሄን ጡብ አሁንም ትሸከማለህ?" ስትለኝ ማንሳቴን ቀጠልኩ። አሥር ዓመት ያበላኝ ጡብ ነው። ያንተዋ የሳሙና ቁራጭ የምታክል ካሜራ ግን መብራት ትንሽ ሲቀንስ ሰውን ሁሉ ጭጋግ ታስመስላለች።

አባቴ የፊት ጥርሱ ከወለቀ ወዲህ የእኔን ሌንስ ሲያይ አፉን በእጁ ይከድናል። ያንተዋን ግን ከካሜራም አልቆጠራት፤ ትናንት ከት ብሎ ሲስቅ አነሳኸው።

ጠዋት ተኝተህ ሳለ ሳላስፈቅድህ ካሜራህን ከፍቼ ፎቶውን አየሁት። ደብዛዛ ነው፤ ቀለሙም አይረባም።

አደራ፣ እንዳታጠፋው።