ተሳስተሽ ያስተላለፍሻት ደቂቃ

ውድ እታለም፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ዐይኔን በጨው አጥቤ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት በሰው ፊት ሰድቤሽ ይቅርታ ሳልልሽ ቀረሁ።

ያንን የጎረምሶች ቴሌቪዥን ዛሬ የሚያስታውሰው ያለ አይመስለኝም። ዘጠኝ ወር ኖሮ ተዘጋ። መኪና፣ ቦክስ፣ ጡንቻ፤ በቃ ይኼው ነበር። ከአለቃችን ጀምሮ ሁላችንም ድምፃችንን አጎርንነን ስናወራ፣ አንቺ ከቅንብር ክፍልሽ ብቅ ብለሽ "እናንተ ልጆች፣ ጉሮሯችሁን ታማችኋል እንዴ?" ትዪን ነበር። ብቸኛዋ ሴት ነበርሽና ለሁላችንም እታለም ሆንሽ።

እኔ የመኪና ፕሮግራም አቀርብ ነበር። የመካኒክ ልጅ መሆኔን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አባዬ ጋራዡን ጥዬ በመሄዴ ተቀይሞኝ፣ እኔም ኮርቼበት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አልተነጋገርንም።

አንድ ቀን ቀረጻ ላይ መብራት እስኪስተካከል ስንጠብቅ ረጅም ካቻቪቴ አነሳሁ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ "አባቴ የሞተርን በሽታ በዚህ ነው የሚያዳምጠው" አልኩት ለካሜራ ባለሙያው። "ምናለ እኔንም አንድ ቀን እንዲህ ቢያዳምጠኝ።" ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ካሜራው አለመጥፋቱን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ለአየር የማይሆነውን ሁሉ "ቅርጫት" ብለሽ የሰየምሽው ፋይል ውስጥ ትጥይ ነበር። ያቺ ደቂቃ ግን ሐሙስ ከፕሮግራሙ ጋር ተላለፈች። በማግስቱ እንደ እብድ ገባሁብሽ። "ሥራሽን የማታውቂ! መሳቂያ አደረግሽኝ!" አልኩሽ።

"ተሳስቼ ነው፤ ፋይሉ ተምታታብኝ" አልሽኝ። አለቃው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲሰጥሽ ትንፍሽ ሳትዪ ፈረምሽ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት አባዬ ደወለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

"ካቻቪቴውን በቀኝ ጆሮህ ያዝከው። ማን ነው እንደዚህ ያስተማረህ? እኔ በግራ ነው የማዳምጠው።"

"ረስቼው ነው፣ አባዬ።"

"ነገ ቅዳሜ ናና አሳይሃለሁ" አለኝ። ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቀርቼ አላውቅም።

አንቺ ጋ ግን በምን ፊቴ ልምጣ? ዛሬ ነገ ስል ጣቢያው ተዘጋና ሁላችንም ተበታተንን።

ባለፈው ሳምንት የካሜራ ባለሙያውን መንገድ ላይ አገኘሁት። "ያ የእታለም ስህተት ከአባቴ ጋር አስታረቀኝ" ስለው ከት ብሎ ሳቀብኝ።

"እሷ መቼ ተሳስታ ታውቃለች? ከቅርጫት ውስጥ ፈልጋ ያወጣችው ራሷ ናት። 'አባቱ ይህን ማየት አለበት፤ ቁጣውን እኔ እችለዋለሁ' ነው ያለችኝ።"

እዚያው መንገድ ላይ እንባዬ መጣ። እኔ ስሰድብሽ አንቺ እያወቅሽ ዝም አልሽ ማለት ነው። ይቅር በይኝ፣ እታለም። አንጀቴን ነው ያራስሽው።

አባዬ ካለፈው ዓመት ወዲህ ሁለቱም ጆሮዎቹ አይሰሙም። ሊሰማኝ የሚችልበት አምስት ዓመት ግን ነበረን፤ የሰጠሽን አንቺ ነሽ። አሁን ካቻቪቴውን የምይዘው እኔ ነኝ፣ በግራ ጆሮዬ። የሰማሁትን በእጄ አሳየዋለሁ፤ እሱ ይጠግናል።

ያቺ ጠዋት ጠዋት የምታስለው መኪናሽ እስካሁን ካለች ቅዳሜ ይዘሻት ነይ። እኔ አዳምጣታለሁ፣ አባዬ ያድናታል።

ካቻቪቴውን በቀኝ ጆሮው የያዘው ወንድምሽ