ስም ያለበት አግዳሚ

መጋቢት 7፣ ሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

የእድሩን ዕቃ ቤት ከፈትኩ፣ ቁልፍ ያዢዋ እኔ ነኝ። ድንኳኑን ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። አንዱን ጥግ አይጥ በልታዋለች፣ ይሰፋል። አግዳሚዎቹ ደህና ናቸው። በሁሉም መደገፊያ ላይ የእድራችን ስም በቀይ ዘይት ቀለም ተጽፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰፈር ለቅሶ ሄደው እንዳይቀሩ ብዬ። የተረፈው ቀለም እቤት አለ።

መ/ር ገመቹ መጣ። የሰፈራችን ልጅ፣ ዘንድሮ በግል ለምርጫ የሚወዳደረው። እሁድ ዋና ከተማዋን ወደ እኛ ስለሚያሰፋው ማስተር ፕላን ሰው ሊያወያይ ነው። አዳራሽ ስለከለከሉት ሜዳ ላይ። አግዳሚ አውሺኝ አለ። ለእድርተኛ ሠርግ እናውስ የለ? እሺ አልኩት።

ሐጂ ከድር ከዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሱቃቸው በር ላይ ሆነው አግዳሚዎቹ የት እንደሚሄዱ፣ መቼ እንደሚመለሱ ጠየቁኝ። ምን አገባቸው? እንዲህ ጠያቂ አልነበሩም። ደብተሬ፣ ይቺን ያዢልኝ።

መጋቢት 13፣ እሁድ፣ ማታ

ተናገርኩ! እኔ አስካለ! ልሰማ ብቻ ነበር የሄድኩት። መ/ር ገመቹ ሐሳብ ያለው አለ ወይ ሲል ሁሉም ዝም። አምና ፕላኑን የተቃወሙት ተማሪዎች በጥይት ከተመቱ ወዲህ ሰው የገዛ አፉን ይፈራል። ዝምታው አናደደኝና ጀመርኩ። ብዙ እንዳልታይ፣ እንደተቀመጥኩ።

የወንድሜን የቶሎሳን ነገር ነው የተናገርኩት። ፉሪ ላይ የነበረውን እርሻውን፣ በማትረባ ካሳ መነሳቱን፣ ዛሬ በዚያው መሬት ላይ የቆመ ሕንፃ ዘበኛ መሆኑን። ፕላኑ ሰበታ ሲገባ ተራው የእኛ ነው አልኩ። አጨበጨቡልኝ። ስልክ የደቀነ ሰው ነበር፣ መልኩን አላየሁትም። ደስ ብሎኛል። ፈርቻለሁም።

መጋቢት 16፣ ረቡዕ

ቀበሌ ተጠራሁ። የጠራኝ ሰውዬ ትሑት ነው፣ ወንበር ሳበልኝ። ትሑት ሲሆኑ ነው የምጠረጥረው። ሕጉን አስረዳኝ፦ እድር ማኅበር ነው፣ ማኅበር ለዕጩ ድጋፍ መስጠት አይችልም፣ ገንዘብ ባይሆንም በዓይነት ድጋፍ ነው። አግዳሚ ድጋፍ ነው! አምና ፕላኑን ልታስረዱን ስትሰበስቡን እኮ የተቀመጥነው በእነዚሁ አግዳሚዎች ላይ ነው አልኩት። ያ የልማት ውይይት ነው አለ። ሳይስቅ።

ከሰዓት በኋላ መጥተው ዕቃ ቤቱን አሸጉት። ጉዳዩ እስኪጣራ ነው አሉ። የእድሩ ፈቃድም ሊሰረዝ ይችላል። የስንት ሰው ቀብር በእኔ እጅ ተበላሸ!

ማነው የነገራቸው? ሌላ ማን ይሆናል። የት ይሄዳሉ፣ መቼ ይመለሳሉ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው ነው። ዘይት ከታችኛው ሱቅ ገዛሁ። በሐጂ ደጅ ሳልፍ አንገቴን አቀረቀርኩ፣ ሰላምታቸውን እንዳልሰማሁ ሆኜ።

መጋቢት 19፣ ቅዳሜ

የሐጂ እናት አረፉ። ለካ ሐጂ አግዳሚዎቹን የጠየቁት ለዚህ ነው። እናታቸው ጣር ላይ ነበሩ። ክፉ ነገር እንዳይጠሩ ብለው ምክንያቱን አልነገሩኝም።

ዕቃ ቤቱ እንደታሸገ ነው። ኦቦ ደቻሳ፣ የእድሩ ሊቀ መንበር፣ በከዘራቸው ተደግፈው ቀበሌ ሄዱ። ለለቅሶ እንኳ አንከፍትም ብለው መለሷቸው። ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበርን። ስንመለስ የሐጂ ግቢ ባዶ፣ ድንኳን የለ፣ አግዳሚ የለ። መቀመጫ አጥቶ የቆመ ለቀስተኛ ሳይ አፈርኩ።

ከዚያ አንዷ እቤቷ ሄዳ በርጩማ ይዛ መጣች። ሌላው የፕላስቲክ ወንበር። እኔም ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሠራውን አግዳሚ ተሸክሜ መጣሁ። ሳይመሽ ግቢው ሞላ። አንዱ ወንበር ሌላውን አይመስልም።

ቢሆንም ጥርጣሬዬ አልለቀቀኝም። ለእናታቸው ጠየቁ እንበል፣ ታዲያ ለቀበሌ ማን ነገረ?

መጋቢት 21፣ ሰኞ

ከኦቦ ደቻሳ ጋር ቀበሌ። ሰውዬው ስልኩን አወጣና ፎቶ አሳየን። መ/ር ገመቹ ራሱ ፌስቡክ ላይ የለጠፈው ነው። እኔ አፌን ከፍቼ። የተቀመጥኩበት አግዳሚ መደገፊያ ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ በእጅ ጽሕፈቴ፣ የእድራችን ስም። ማንም አልነገረም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የከረምኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መፍትሔ አለ አለን። ግለሰብ በስሙ መደገፍ ይችላል። አግዳሚዎቹን ያዋስኩት በግሌ፣ እድሩ ሳያውቅ ነው ብዬ ከፈረምኩ እድሩ ነፃ ይሆናል። ዕጩው ግን ስሜን በደጋፊነት ያስመዘግባል። የእኔ ስም፣ እነሱ ዘንድ። አምና የታሰሩትም መጀመሪያ የተጠየቁት ስማቸውን ነበር።

ኦቦ ደቻሳ አላስገደዱኝም። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፣ እኛ ላንቺ ቁልፍ ሰጠንሽ ብለው ሳቁ። ዓይናቸው ግን አልሳቀም። እሳቸውም የሚቀበሩት በዚሁ እድር ነው። ፈረምኩ። ሰውዬው ወረቀቱን ሲያጥፍ፣ አሁን እንተዋወቃለን አለኝ።

ማሸጊያው ተነሳ። ቁልፉን ለኦቦ ደቻሳ መለስኩ። በግሌ ነው ካልኩ በኋላ የእድር ቁልፍ መያዝ አያምርም።

መጋቢት 23፣ ረቡዕ

ሐጂ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደነገጡ፣ ከዚያ ሳቁ። እሳቸውም ጠርጥረውኝ ኖሯል፦ «አንቺ ተቀይመሽኝ ነው እሽጉን ያላስከፈትሽው ብዬ ነበር እኮ፣ ወላሂ!» አሉ። እንዲህ አድርገውናል። ዘይት ገዛሁ።

ሰው ግን እየሸሸኝ ነው። ጎረቤቴ ደጅ ላይ ስታየኝ ልጇን ጠርታ ትገባለች። መ/ር ገመቹም መጣ፣ ስለ ፎቶው ይቅርታ ጠየቀ። እሁድ ድጋሚ ውይይት አለው፣ አንቺ ግን ባትመጪ ይሻላል አለኝ። ለእኔ አስቦ ነው? ወይስ ስሜ እሱንም ያስፈራዋል? አላውቅም። አሁን ማንንም አላውቅም።

መጋቢት 26፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ጠዋት ሙሉ ስንቆራጠጥ ዋልኩ። ከነገው ውይይት ብቀር፣ ስሜ እንደሆነ እነሱ ዘንድ ነው። የሚቀረው አፌ ብቻ ነው። ለቶሎሳ ደወልኩ። ዘበኛ ቤት ውስጥ ነው፣ የሰው መኪና እያስገባ። እንዴት ነሽ አለኝ። ደህና አልኩት። ምንም አልነገርኩትም።

ያንን የቀለም ቆርቆሮ አወጣሁ። ላዩ ደርቋል፣ ውስጡ ደህና ነው። የባሌን አግዳሚ በረንዳ ላይ አውጥቼ መደገፊያው ላይ ጻፍኩ፦ አስካለ ቱፋ። በትልቁ። ፎቶ የሚያነሳው ሳይቸገር እንዲያነበው።

ጎረቤቴ በመጋረጃዋ እያየችኝ ነው። ትይ።

ነገ ተሸክሜው እሄዳለሁ። የደከመው ይቀመጥበት። እኔ ነገ የምናገረው ቆሜ ነው።