ለመንገደኛው ያልተጋበዘው ዘፈን

ለውድ አብሮ አደጌ፦

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በጤና ያግኝሽ፤ ልጆችሽም ለወግ ለማዕረግ ይብቁልሽ። ጉልበትሽን እንደሚያምሽ ወንድምሽ ነግሮኛል፤ አሁንስ ተሻለሽ? ደረጃ መውጣቱን ቀነስ አድርጊው። አድራሻሽን ያገኘሁትም ከእሱ ነው። ገበያ መሀል አይቼው ሁለት ጊዜ እንዳላየ ሆኜ አለፍኩት፤ በሦስተኛው ግን ሮጬ እጁን ያዝኩት። ባለቤትሽ ማረፉን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ዓመት ካለፈ በኋላ ማጽናናት የሻረ ቁስል መነካካት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሳልለው ማለፍ ግን ከበደኝ። ነፍሱን ይማር፤ አንቺንም ያጽናሽ።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ አለሁ። አሠሪያችን ጋሽ ሜትር ከሞቱ በኋላ ልጆቻቸው ልብስ ስፌት ቤቱን ለሌላ ሰው አከራዩት፤ እኔም የስፌት መኪናዬን አሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ቤቴ አንድ ክፍል ናት። መጋረጃ እሰፋለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ዓይኔ ክር ከመርፌ ማገናኘት አስቸግሮታል። ሰው ይመጣል፣ ይለካል፣ «ለመቼ ይደርሳል?» ይላል፣ ይሄዳል። ከዚህ ሌላ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። እሱ ሲሄድ ሬዲዮ እከፍታለሁ።

ብዕር ያስነሳኝም የሬዲዮው ነገር ነው። የከሰዓቱ ሰው አረፈ።

ስሙን በመቃብሩ ላይ አነበብኩት፤ እንግዳ ሰው ስም መሰለኝ። ለእኛ የከሰዓቱ ሰው ነበር። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ጋሽ ሜትር ከወገብ ልክ ቀና ሳይሉ «ክፈቱት፣ ሰውዬው ሊመጣ ነው» ይሉን ነበር፤ በበሩ የሚገባ ይመስል። አንቺ እጅሽን ዘርግተሽ ከክሮቹ መደርደሪያ ላይ ያቺን አንቴናዋ ተሰብሮ የኮት መስቀያ ሽቦ የተተከለላትን ሬዲዮ ታበሪያለሽ። መጀመሪያ ትንፋሹ ይሰማል፣ ቀጥሎ ወንበሩ ሲጥ ይላል፣ ከዚያ «እንዴት ዋላችሁ ጎረቤቶቼ» ይላል። ሸክላው ተጭሮ ዘፋኙ አንዷን ቃል ሲደጋግም፣ «ይቅርታ፣ እንቅፋት መታው፤ እስኪነሳ እንጠብቀው» እያለ ያስቀን ነበር። ጋሽ ሜትርም ለሬዲዮው፣ «ምናለ ጫማ ብትገዛለት!» ብለው ይመልሱለታል። እንዲህ ስቀሽ ጨርቅ ያበላሸሽበትን ቀን እኔ አልረሳሁም።

አሁን ያቺ ከውኃ ታንከሩ ሥር የነበረችው የሬዲዮ ጣቢያ የቀለም መጋዘን ሆናለች። ፕሮግራሙ ሁሉ ከትልቁ ከተማ ነው የሚመጣው። አዲሶቹ አቅራቢ ልጆች ይጮኻሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ እኛን ፀሐይ እየጠበሰን «እንዴት ደስ የሚል ዝናብ ነው!» ይሉናል። ድምፃቸው ይመቻል፤ ግን እኛ መኖራችንን አያውቁም። የከሰዓቱ ሰው የሰፈራችን ቧንቧ መቼ እንደሚዘጋ እንኳ ያውቅ ነበር።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ከእህቱ ልጅ ጋር ነበር የሚኖረው። ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ አልፎ አልፎ አየው ነበር። አየው ነበር እላለሁ እንጂ፣ «ሁለት» ሲል በድምፁ ነው የማውቀው። አንድም ቀን ቀና ብዬ ሰላም ልለው አልደፈርኩም። ምክንያቱን ትደርሺበታለሽ።

ቀብሩ እሑድ ከሰዓት ነበር። የእህቱ ልጅ አሥር ሰው ቢመጣ ብላ ነው የጠበቀችው። ስደርስ ግቢው ሞልቷል፤ ግን ማንም ማንንም አያውቅም። ለየብቻ ቆመን መሬት መሬት እናያለን። ሲያበቃ ልጅቷ ሰው ሁሉ እንግዳ ሲሆንባት፣ «ይቅርታ፣ በምን ነበር የምታውቁት?» ብላ አንድ ሽማግሌ ጠየቀች። ሰውዬው ኮፍያቸውን አውልቀው እያፈሩ፣ «እኔ እንኳን የወፍጮ ቤቱ ነኝ» አሏት።

ይሄኔ ከወዲያ አንዲት ሴት፣ «የወፍጮ ቤቱ! ለባለቤትዎ በየሳምንቱ ዘፈን ሲመርጡ የነበሩት?» ብላ መጣች። እሷ ደግሞ «አራተኛ ፎቅ» ሆና ተገኘች። ትዝ ትልሻለች? ከመስኮቷ የምታየውን እየጻፈች ትልክለት የነበረችው። ከዚያማ ሁሉም ይነግር ጀመር። «ዝምተኛው» ለካ አፉ ለአፍታ አያርፍም። ሃያ ምናምን ዓመት ስማቸውን በሬዲዮ ስሰማ የኖርኩት ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይላቀሳሉ፣ ይስቃሉ። ድሮም አንዳችን ለሌላችን ደብዳቤ ስንጽፍ የኖርን ይመስላል፤ እሱ በመሀል አንባቢያችን ሆኖ።

ተራው እኔ ጋ ሲደርስ፣ «ሁለቱ መርፌዎች» አልኩ።

«ሁለተኛዋስ?» አለችኝ አራተኛ ፎቅ።

«ሩቅ አገር ነች» አልኳት።

ትንሽ ቆይቶ ከኋላዬ አንድ ሰው፣ «ይቅርታ እህቴ፣ ሁለቱ መርፌዎች ያልሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ። ዞር አልኩ። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ትከሻው ግን ያው ነው። መንገደኛው ነበር።

ስሙን ስጽፍልሽ እጅሽ እንደሚቆም አውቃለሁ። ልጆችሽ ይህን ደብዳቤ ቢያነቡት ነገሩ እንዲገባቸው ከሥሩ ልበልልሽ። የጭነት መኪናውን ሸራ ሊያሰፋ ነበር የመጣው። ሸራውን ሁለት ቀን ሙሉ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ጣቴ በዚያ ወፍራም መርፌ ተበሳስቶ ነበር። እሱ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ አጠገብሽ ተቀምጦ ሲያስቅሽ ዋለ። ከዚያ በኋላ ሸራው ባይቀደድም መምጣት አበዛ። አባትሽ ኮስታራ ስለነበሩ ከስፌት ቤቱ ውጭ አትገናኙም። በመጨረሻ እንዲህ ብሎሽ ሄደ፦ ሐሙስ ከሰዓት በዘፈን ምርጫው ላይ «ለመንገደኛው» ብለሽ ዘፈን ከጋበዝሽው፣ በማግስቱ ተመልሶ አባትሽን ያነጋግራል። ካልጋበዝሽው እንዳልፈለግሽው ቆጥሮ መስመር ይቀይራል እንጂ ዳግመኛ አያስቸግርሽም።

አንቺም ደብዳቤውን ጻፍሽ። አባትሽ እንዳይጠረጥሩ፣ ሁለታችን ድሮም ዘፈን ስንመርጥ በምንጠቀምበት ስም «ከሁለቱ መርፌዎች» አልሽበት። የሬዲዮ ጣቢያው ወደ ቤቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለነበር፣ በሩ ላይ ያለው የደብዳቤ ሳጥን ውስጥ እንድከተው ሰጠሽኝ።

አልከተትኩትም።

ይኸው፤ ሃያ ሰባት ዓመት አፌ ውስጥ ይዤው የኖርኩት ነገር ይህ ነው። ሳጥኑ ፊት ቆሜ ነበር። ፖስታውን ግማሽ ድረስ አስገብቼው ነበር። መልሼ ሳብኩት፣ ቤቴ ወስጄ አነበብኩት፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጋር ጠቅልዬ ጣልኩት።

ሐሙስ ከሰዓት የስፌት መኪናሽን አቁመሽ ሬዲዮው ላይ አፍጥጠሽ ስትቀመጪ እኔ የቁልፍ ቀዳዳ እሰራ ነበር። ቀና አላልኩም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ጋሽ ሜትር፣ «ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተብሽ እንዴ?» ብለው ጠየቁሽ። በማግስቱ ጣቢያው ድረስ ሄደሽ በከሰዓቱ ሰው ላይ ጮኽሽበት። ሰውዬው መሳቢያውን ሁሉ ገለበጠ፣ ሳጥኑን አራገፈ። ከዚያ «ልጄ፣ አልደረሰኝም» ማለት ሲችል፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጥዬው ይሆናል» አለሽ። ይህን ራስሽ ነሽ እያለቀስሽ የነገርሽኝ። በዚያው ቀን በሬዲዮ፣ «አንድ ደብዳቤ በእጄ ጠፍቶብኛል» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ አራት ሐሙስ ተከታትሎ «ለመንገደኛው፣ ከሁለቱ መርፌዎች» እያለ ዘፈን አሰማ። መንገደኛው ግን በዚያን ጊዜ የእኛ ሬዲዮ የማይደርስበት አገር ነበር። ከዚያ በኋላ አንቺ ባለቤትሽን እስክታገቢና እስክትሄጂ ድረስ ሬዲዮ አስከፍተሽን አታውቂም። እኔ ደግሞ አንድ ደግ ሰው የእኔን ጥፋት ተሸክሞ ሲኖር እያየሁ ዳቦ ወረፋ ላይ አንገቴን ደፋሁ።

ለምን? ትያለሽ። ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ምክንያት አለኝ፦ አንቺ ከሄድሽ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ይሆናል፤ ከአንቺ ሌላ ሰው አልነበረኝም። ይህ እውነት ነው። ሙሉው እውነት ይኸው ነው ወይ ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።

ወደ ቀብሩ ልመለስ። «የት ነች?» አለኝ መጀመሪያ፤ ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። አግብታ እንደሄደች ነገርኩት። አጠገቧ እሰፋ የነበርኩት እኔ እንደሆንኩ ስነግረው ፊቴን ትኩር ብሎ አየ፣ አየና «ሁለት ነበራችሁ እንዴ? እኔ እኮ እሷ የምትቀልድበት ስም መስሎኝ ነበር» አለኝ። በክፋት አይደለም ያለው። ከልቡ ነው የገረመው።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። ስጨርስ እሱ ደግሞ የዚያን ሐሙስ ነገር ነገረኝ። የሬዲዮው ድምፅ የሚቆራረጥበት ዳገት አናት ላይ መኪናውን አቁሞ ነበር። ከዚያ አልፎ ከሄደ አይሰማም። ፕሮግራሙ አልቆ ዜና እስኪጀምር ጠበቀ። ከኋላው ያሉ መኪኖች ጡሩምባ ሲያስጮሁበት ሄደ። «ያን የሬዲዮ ሰውዬ ግን አልተቀየምኩትም» አለኝ፤ «መንገድ ላይ ስንት ዓመት ያጫወተኝ እሱ ነው። ለዚያ ነው የመጣሁት።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን፣ «እሷ ታውቃለች?» ብቻ አለኝ። አታውቅም አልኩት። እሱም፣ «በቤቷ ደህና ከሆነች ተዪያት፤ የሰው ሰላም አይነካም። ብቻዋን ከሆነች ግን ንገሪያት» አለኝ። ያን ጊዜ ስለ ባለቤትሽ ገና አልሰማሁም ነበር። ወንድምሽን ያገኘሁት ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ብቻሽን ነሽ ቢለኝ መናገር ግድ ይሆንብኛል ብዬ ነው እንዳላየ ሆኜ ሁለት ጊዜ ያለፍኩት።

አግብቶ ይሁን አይሁን አልጠየቅኩትም። የኮቱ እጅጌ ግን በጥቁር ጨርቅ ላይ በቡናማ ክር፣ በወንድ ልጅ እጅ፣ ሰፋ ሰፋ ተደርጎ ተወስውሷል። አንቺም ሰፊ ነሽ፤ ይህን ማየት ምን እንደሚነግርሽ ታውቂያለሽ። አውልቀው ላስተካክልልህ ልለው አፌ ድረስ መጣ፤ መልሼ ዋጥኩት።

መንዳት ትቷል። ከዋናው መንገድ ዳር፣ ድልድዩን እንደተሻገርሽ በስተቀኝ፣ ሰማያዊ በር ያለው ጎሚስታ ቤት አለው። ከስምንት ሰዓት በኋላ ሁልጊዜ እዚያ ነው። ሲሰናበተኝ እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ አለኝ፦ «ጠብቄ ነበር። አልተቀየምኳትም።»

መልእክቱ ይኸው ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም፤ አንድ ቃል አልቀነስኩበትም። ነገ ጠዋት ፖስታ ቤቱ ሲከፈት መስኮቱ ላይ ለሠራተኛዋ በእጇ እሰጣታለሁ፤ ማኅተም ስታሳርፍበት ካላየሁ አልሄድም።

ይቅር በዪኝ ብዬ አላስጨንቅሽም፤ መልስ ባትጽፊልኝም አልቀየምሽም። ከመጣሽ ግን ወደ እኔ ጎራ ሳትይ ወደዚያው ሂጂ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ቀሪው ዘመንሽ ከሰው ጋር ይሁን።

ያንቺው አብሮ አደግ