ሰማይ ደርሶ የመጣው ባና

ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎ ተሻለዎት? እማዬስ ደህና ናት? እኔ ከዘመሮ ብርድ በቀር ክፉ አላገኘኝም፤ እሱንም እርስዎ ያውቁታል።

ይህን ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ በጎቹ ጠይቄ ዘጋሁ። እንግዲህ በወረቀት ልናዘዝ፦ ለሠርጌ ብለው ሁለት ክረምት የሸመኑልኝን የበግ ጠጉር ባና በመቀስ ቆርጬዋለሁ።

ይቆዩ፣ ወረቀቱን አይጣሉት። ተማሪዎቼ ካሜራ የያዘች ትንሽ ሳጥን ሠርተው በትልቅ ፊኛ እስከ ጠፈር አፋፍ ይልካሉ። ፊኛው እዚያ ሲደርስ ይፈነዳል፣ ሳጥኗ በዣንጥላ ትወርዳለች። ሁለት ጊዜ ላክን፤ ሁለቴም የላዩ ብርድ ባትሪውን ገደለው። ፊኛውን የሚሰጡን የአዲስ አበባ ባለሙያዎች ሦስተኛው ካልተሳካ ለሌላ ትምህርት ቤት እንሰጣለን አሉን። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። ይኼኔ የአንዷ ተማሪ እናት ወይዘሮ ሸዋረጋ ሳቁብን፤ መንዝ ተቀምጣችሁ ብርድ አሸነፈን ትላላችሁ? ባና አልብሷት እንጂ አሉ።

ጠበቅ ብሎ የተሸመነው ደግሞ እኔ ሻንጣ ውስጥ ነበር። ያ ሠርግ ከፈረሰ ወዲህ ሻንጣውን ከፍቼው አላውቅም። ስቆርጠው አለቀስኩ። ሳጥኗ ላይ የሰፋው የሒሳብ መምህሩ ይሥሐቅ ነው፣ በየበሩ ጉበን ግንባሩን የሚገጨው ረጅሙ ሰውዬ።

ቅዳሜ ጠዋት ከተማው ሁሉ ወጥቶ፣ ቄሱም ባርከው ለቀቅናት። የፈሩት ይደርሳል፤ ያለችበትን የሚነግረን መሣሪያ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ተራራ ጋርዶት ኖሮ፣ ዝም አለ። አምስት ቀን ፈለግን፣ የለችም።

በኋላ ቀየት ገበያ ላይ አቶ ገብረየሱስ የሚባሉ ገበሬ፣ ማሳዬ ላይ ባና ወድቆ አግኝቻለሁ፣ ምልክቱን የሚናገር ይውሰድ እያሉ ሲጣሩ ተሰማ። ይሥሐቅ በረረ። ዳሩ ላይ ሁለት ነጭ መስመር አለው ሲላቸው፣ ስፌቱን ተርትረው፣ አጥበው፣ አጣጥፈው ያስቀመጡትን አስረከቡት። ሳጥኗስ ቢላቸው፣ እሷን ደግሞ ማን ይፈልጋታል ብዬ ዶሮ አስታቅፌባታለሁ አሉት። የልጆቼ ተስፋ ሁሉ ከዶሮ ሥር ነበር!

ዶሮዋ ተቆጥታ ተነሣች፣ ሳጥኗ ተከፈተች። ባትሪው እስከ መጨረሻው ሠርቷል! ፊኛውም ለእኛው ጸና። ፎቶውን ልኬልዎታለሁ፤ ጥቁሩ ጠፈር ነው፣ ጎበጥ ያለው ምድራችን ነው፣ ጥግ ላይ የምትውለበለበው ነጭ ክር የእርስዎ ናት።

አባዬ፣ ይቅር ይበሉኝና ሌላ ባና ይሸምኑልኝ። የርዝመቱ መለኪያ ክር ፖስታው ውስጥ አለ። ከእኔ ቁመት ሁለት ስንዝር ይበልጣል፤ ለምን እንደሆነ እማዬን ይጠይቋት፣ እሷ ቶሎ ይገባታል።

እጅዎ አይዛል። እግዚአብሔር ለምትመርቁኝ ቀን ሁለታችሁንም በጤና ያድርስልኝ። ጉልበትዎን እስማለሁ።

ባናዎን የቆረጠች ልጅዎ